ከቁስሉ እስከ ድንኳኑ

በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ የጋሞ አገር መቀመጫ ጨንቻ ነበረች። አርባ ምንጭ ገና አልተቆረቆረችም። ዛሬ ከተማዋ የተንጣለለችበት፣ አባያንና ጫሞን ቁልቁል የሚያየው መሬት ወባ የሚፈራበት ቆላ ነበር፤ ሹሙም ወታደሩም ብርዱን መርጦ ደጋው ላይ ሰፍሯል። የጋሞ ጎፋ ገዥ ደጃዝማች አበበ ዳምጠው ነበሩ። ከአባያ ማዶ በምሥራቅ በኩል ያለውን ሲዳሞን ደግሞ ወንድማቸው ራስ ደስታ ዳምጠው ይርጋለም ላይ ተቀምጠው ያስተዳድሩ ነበር። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ወረራውን ሲጀምር ሁለቱ ወንድማማቾች ለየቅል ወደሆኑ ግንባሮች ተላኩ። ራስ ደስታ የገናሌ ዶሪያን ወንዝ ይዘው ወደ ዶሎ ወረዱ። ደጃዝማች አበበ የጋሞ ጎፋን ጦር አስከትለው ወደ ኦጋዴን ሄዱ፤ እዚያም በደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ሥር ከሚዋጋው ሠራዊት ጋር ተሰለፉ።

የእነዚህ ዘመቻዎች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በአዛዦቹ፣ በአውሮፕላኖቹና በጄኔቫው የመንግሥታት ማኅበር ክርክር በኩል ነው። እኔ ልከተለው የፈለግሁት ሌላ ሰው ነው፤ ጥይት ወይም የቦምብ ፍንጣሪ አግኝቶት የወደቀውን ወታደር። ማን አነሳው? ምን ላይ ተኝቶ ተጓዘ? ማን ቁስሉን አጠበለት? መዝገቡ ስለ ዶሎና ስለ ደገሃቡር ቁስለኞች የሚነግረን ሲሰበሰብ፣ ብዙውን ሰው የገደለው በወደቀበት ቦታና በሐኪሙ ድንኳን መካከል የነበረው መንገድ መሆኑን ያሳያል ብዬ አምናለሁ። ድንኳኑ ራሱ በቦምብ ሲነድ ደግሞ መንገዱ መድረሻ አጣ።

የሁለቱ ወንድማማቾች ቤተሰብ ከዚህ ጉዳይ ጋር የቆየ ትስስር አለው። አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ ከአድዋ ጦርነት በፊት የዳግማዊ ምኒልክን መልእክተኞች መርተው ወደ ሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ሄደው ነበር። በተመለሱ በአጭር ጊዜ ውስጥ የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ ወደቁ። በዚያ ቀን የቆሰለው ኢትዮጵያዊ ከ8 እስከ 10 ሺህ ይገመታል። ይህን ሁሉ ሰው የሚያነሳ፣ የሚያክም የተደራጀ ክፍል በሠራዊቱ ውስጥ አልነበረም። እቴጌ ጣይቱ ያሰለፏቸው ሴቶች ውኃ በእንስራ እያመላለሱ ለተዋጊው አደረሱ፣ ቁስለኛ አነሱ፤ የቀረውን ጓድና ዘመድ ተሸከመው። ፊታውራሪው ደጅ ጠንተውበት በነበረው አገር ግን ወሬው ሲሰማ የሩሲያ ቀይ መስቀል በጄኔራል ሽቬዶቭ የሚመራ የሐኪሞች ቡድን ላከ። ጣሊያን በምጽዋ ማለፍ ስለከለከለቻቸው በጅቡቲና በሐረር ዞረው አዲስ አበባ የገቡት ከጦርነቱ ከወራት በኋላ፣ በ1888 ክረምት ነው። ያከሟቸው ሰዎች እንግዲህ ወራቱን ተሻግረው በሕይወት የተገኙት ብቻ ናቸው። አጥንቱ ተሰብሮ ጠማማ የገጠመ፣ ጥይት በሥጋው ውስጥ የቀረ፣ ቁስሉ እየመገለ የቆየ። ከዚያ ጉዞ የተወለደው የሩሲያ ሆስፒታል ለዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መንገድ ከፈተ። አዲስ አበባ ሆስፒታል አገኘች፤ ጦሩ ግን አሁንም ሐኪም አልነበረውም።

ከ40 ዓመት በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። በክብር ዘበኛና በጥቂት ዘመናዊ ክፍሎች ካልሆነ በቀር፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚነሳው ጦር በድሮው ሥርዓት የሚዘምት ነበር። ነፍጠኛው ጠመንጃውን ይይዛል፣ ገባሩ ስንቁን ይሸከማል፣ ሚስቶችና አገልጋዮች ድንኳንና ማድጋ ይዘው ይከተላሉ። አንድ ሰው ሲቆስል የመጀመሪያው ረዳቱ አጠገቡ የነበረው ወንድሙ ወይም አሽከሩ ነው። ነጠላውን ቀዶ ደሙን ያስራል። ሁለት አጣና ከተገኘ ጋቢ ወጥሮ ቃሬዛ ይሠራል፤ ካልተገኘ በጀርባው ያዝለዋል። ስብራት ከሆነ ወጌሻ ይፈለጋል። በጋሞ ደጋም ሆነ በሲዳሞ ወጌሻ ያልነበረበት ሰፈር አልነበረም፤ አጥንት በቀርከሃ ወይም በእንጨት ደግፎ ማሰር ያውቁበታል። በቁስል ላይ ቅቤ ወይም ማር ማድረግም የተለመደ ነበር። ይህን እውቀት መናቅ ስህተት ነው። ማር ቁስልን ከመመረዝ እንደሚከላከል በኋላ በምርምር የተረጋገጠ ነገር ነው፤ የወጌሻው ድጋፍም ከምንም ይሻላል። የቦምብ ፍንጣሪ ግን ወጌሻ ከሚያውቀው የጦርና የጥይት ቁስል የተለየ ነው። ሥጋውን ቦጭቆ ጨርቅና አፈር ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከአፈሩ ጋር የሚገባው ተሕዋስ መንጋጋ ቆልፍና ጋንግሪን ያስከትላል።

የአውሮፓ ሐኪሞች ይህን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ሚሊዮን ቁስለኛ አይተው ተምረውታል። የሞተው ሥጋ በሰዓታት ውስጥ ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ ቁስሉ ወዲያው ሳይሰፋ ክፍት ሆኖ እየታጠበ መቆየት አለበት፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ በቶሎ መወጋት አለበት፤ የተሰበረ ጭን ከመነሳቱ በፊት መደገፍ አለበት፤ አለበለዚያ በጉዞው ላይ የሚፈሰው ደም ይጨርሰዋል። ፔኒሲሊን ገና ለበሽተኛ አልደረሰም ነበር። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በሰዓት ነበር። ሰዓት ደግሞ በደቡቡ ግንባር ከሁሉም በላይ የጠፋው ነገር ነው።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ነው። ወረራው ሊጀመር ሦስት ወር እንኳ አልቀረውም። መንግሥት በዚያው ወር ስለ ቁስለኞች የወጣውን የ1929 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት ተቀበለ፤ ጄኔቫ ያለው ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ደግሞ መስከረም 15 ቀን 1928 ለማኅበሩ እውቅና ሰጠ። ከዚያ ወረራው ሊደርስ የቀረው አንድ ሳምንት ነው። ፕሬዝዳንቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሆኑ። የዕለት ሥራውን በዋና ጸሐፊነት የሚመራው አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ነበር። ላምቢ ለደቡቡ አገር እንግዳ አልነበረም። በ1920 የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽንን ይዞ ወላይታ፣ ከምባታና ሲዳሞ የገባው እሱ ነው። ሚሽኑ ሶዶ ላይ ሆስፒታል ሠራ፣ ጋሞ ደጋ ጨንቻ ላይም ጣቢያ ከፈተ። ጦርነቱ ሲመጣ እንግዲህ በጋሞና በወላይታ ያለ ሰው ለዘመናዊ ሕክምና የሚያስበው ቦታ ሶዶ ነበር። ግንባሩ ግን ከሶዶ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር።

ላምቢ በጥቂት ወራት ውስጥ ሐኪም ከየትም ለቃቅሞ ተንቀሳቃሽ የሕክምና ቡድኖችን አቋቋመ። ግሪክ፣ ኦስትሪያዊ፣ ፖላንዳዊ፣ አሜሪካዊ ነበሩበት። ከውጭም የስዊድን፣ የኖርዌይ፣ የእንግሊዝ፣ የሆላንድ፣ የፊንላንድና የግብፅ ቡድኖች መጡ። በምዕራቡ ዓለም ሕክምና ተምረው የተመረቁት ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በዚያን ጊዜ ለንደን በሚኒስትርነት ተቀምጠው ለአገራቸው እርዳታ ያሰባስቡ ነበር። መላኩ በያን ከአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቆ የመጣው በዚያው ዓመት ነው፤ እሱም በጦርነቱ በሐኪምነት አገለገለ። አዲስ አበባ ላይ ሴቶች በማኅበር ተሰባስበው ፋሻ ይቆርጡና ይጠቀልሉ ነበር፤ ከመካከላቸው ግንባር ቀደሟ ልዕልት ፀሐይ ነበረች። ልዕልቷ በስደት ለንደን ነርስነት ተምራ ተመረቀች፤ ከነጻነት በኋላ በ1934 ነቀምት ላይ አረፈች። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች የሚባለው ነው።

ይህ ሁሉ ደግ ሥራ ነው። መጠኑን ግን ማየት ያስፈልጋል። ራስ ደስታ ይዘው የወረዱት ጦር 20 ሺህ ገደማ ነበር። ለዚህ ጦር የደረሰው ዋናው የሕክምና ቡድን አንድ ነው፤ በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር የሚመራው የስዊድን ቀይ መስቀል ቡድን። ከኋላ ይርጋለም ላይ የኖርዌይ ቡድን ሰፈረ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ክረምት የቦረቦረው የጭነት መኪና ዱካ ነው። ከይርጋለም እስከ ነገሌ ቦረና ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ከነገሌ እስከ ዶሎ ደግሞ ከ300 ያልፋል። ስዊድናውያኑ አንድ የአምቡላንስ አውሮፕላንም ነበራቸው፤ አብራሪው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ይባላል። ይህ ሰው ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀት ብዙ የደከመ፣ በድርቁ ዘመን ከአየር ላይ እህል የጣለ፣ በመጨረሻም ሐምሌ 1969 ጎዴ ላይ ተገድሎ አዲስ አበባ የተቀበረ ነው፤ ለብቻው ታሪክ ሊጻፍለት ይገባል። በ1928 ግን እጁ ላይ የነበረው ጥቂት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ነበረች።

ሂላንደር ድንኳኑን የተከለው ከዶሎ ብዙም በማይርቅ፣ በገናሌ ዶሪያ ዳር መልካ ዲዳ በሚባል ቦታ ነው። ሐኪሙ ወደ ቁስለኛው መቅረብ እንዳለበት ያውቅ ነበርና እስከቻለው ድረስ ቀረበ። ወንዙ ውኃ ይሰጣል፤ ዛፉ ጥላ ይሰጣል። በድንኳኖቹና በመኪኖቹ ላይ ከሰማይ የሚታይ ቀይ መስቀል ተዘርግቷል። ከቁስለኛው ሌላ በወባና በተቅማጥ የሚመጣው ወታደር ብዙ ነበር፤ የራስ ደስታ ጦር ስንቁ አልቆ ተርቧል፣ ከደጋ የወረደው ሰው ቆላው ጎድቶታል። የተራበ ሰው ደግሞ ሲቆስል ቶሎ ይደክማል። ስለ ሕክምናው የሚጻፍ ማንኛውም ነገር ይህን ረሃብ ከግምት ማስገባት አለበት ባይ ነኝ።

ታኅሣሥ 16 ቀን ከዚያ በጣም ርቆ፣ በኦጋዴን ደገሃቡር አካባቢ፣ ቲቶ ሚኒቲ የሚባል ጣሊያናዊ አብራሪ አውሮፕላኑ ተበላሽቶ አረፈ፤ በአካባቢው ሰዎች እጅ ወድቆ ተገደለ። አሟሟቱን በተመለከተ የሁለቱ ወገን ቃል አይገናኝም፤ ጣሊያኖች ተሰቃይቶ አንገቱ ተቆረጠ ብለው ለዓለም ነገሩ። ማርሻልነት ገና ያላገኘው ጄኔራል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ለዚህ በቀል አዘዘ። በቀሉ የወደቀው ሚኒቲ በሞተበት ግንባር ላይ አልነበረም። ታኅሣሥ 20 ቀን ማለዳ የጣሊያን አውሮፕላኖች ወደ ገናሌ ዶሪያ በርረው መልካ ዲዳን ደበደቡ፤ ከቦምቡ ጋር ወረቀት በተኑ። በወረቀቱ ላይ፣ በግራዚያኒ ስም፣ እስረኛ የተከበረ መሆኑን ጠቅሶ አብራሪያችንን አርዳችኋልና የሚገባችሁን ታገኛላችሁ የሚል ሐሳብ ነበረበት።

ይህ ወረቀት ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ማስረጃ ነው። በኋላ የሮማ መንግሥት ድርጊቱን በስህተትም፣ የራስ ደስታ ሰፈር ቅርብ ነበር በማለትም፣ የቀይ መስቀል ምልክት ለጦር መሣሪያ መሸፈኛ ሆኗል በማለትም ለማስረዳት ሞክሯል። ከአውሮፕላኑ የወረደው ወረቀት ግን ምክንያቱን ራሱ ጽፎ አስቀምጦታል። በቀል ነው ይላል። ከሁለቱ ቃሎች እኔ የምቀበለው በዚያ ማለዳ የተበተነውን ነው፤ የኋላው ማብራሪያ የመጣው ስዊድን ተቆጥታ ዓለም ከጮኸ በኋላ ነው።

የሟቾቹ ቁጥርም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ ዘገባዎች 28 ሰው እንደሞተና 50 ያህል እንደቆሰለ ይናገራሉ። ሌሎች ሟቾቹን 42 ያደርሷቸዋል። ልዩነቱ ከድብደባው በኋላ በቁስላቸው የሞቱትን ከመጨመርና ካለመጨመር የመጣ ይመስለኛል። ሂላንደር ቆሰለ። ጉናር ሉንድስትሮም የሚባል ስዊድናዊ ረዳት በፍንጣሪ ተመትቶ ሞተ። የቀሩት ሟቾች ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ አልጋ ላይ ተኝተው የነበሩ ቁስለኞችና ሕመምተኞች፣ የቡድኑ ሠራተኞች። በዘመኑ የአውሮፓ ጋዜጦች ላይ ሉንድስትሮም ስም፣ ፎቶና የትውልድ አገር አለው። ኢትዮጵያውያኑ ቁጥር ናቸው። አንዴ ቆስለው፣ ጓዶቻቸው በቃሬዛ አድርሰዋቸው፣ ታጥበውና ታስረው ተኝተው ሳለ ዳግመኛ የተመቱ ሰዎች ናቸው። እነዚህን ሰዎች በቁጥር ብቻ ማለፍ ይከብዳል።

የዓለም አቀፉ ኮሚቴ ልዑክ፣ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ማርሴል ጁኖ፣ በአውሮፕላን ወርዶ የተቃጠለውን ሰፈር አየ። ሪፖርት ተጻፈ፣ አቤቱታ ቀረበ፣ ጄኔቫ ተነጋገረች። ለግንባሩ ወታደር የሚጠቅም ነገር ግን ከዚያ አልመጣም። የራስ ደስታ ጦር ዋናውን ድብደባ ሊቀበል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያለውን አንድ የፊት መስመር ሆስፒታል አጥቷል።

ጥር 3 ቀን ግራዚያኒ በጭነት መኪና፣ በብረት ለበስና በአውሮፕላን ታግዞ ማጥቃት ጀመረ። ውጊያው እንደተጀመረ የራስ ደስታ ሰዎች ከወንዙ ተለዩ። በገናሌ ዳር መትረየስ ተጠምዶ ውኃ የተጠማው ሰው ሲወርድ ይመታ እንደነበር ተመዝግቧል። ደም የፈሰሰው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ውኃ ነው። በዚያ ሐሩር ቁስለኛን በሕይወት ለማቆየት ከፋሻ በፊት ውኃ ያስፈልግ ነበር፤ ውኃው ደግሞ በጠላት ተኩስ ሥር ነው። ከዚያ ማፈግፈግ ሆነ። የጣሊያን መኪኖች ነገሌን የያዙት በጥምቀት ሰሞን ነው። ከዶሎ እስከ ነገሌ ያለውን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በጥቂት ቀን ጨረሱት። በእግሩ የሚሸሽ፣ ጓዱን የተሸከመ ሰው ያንን ፍጥነት ሊቀድም አይችልም። ቃሬዛ አራት ጤነኛ ሰው ይፈልጋል፤ በተራ ለመለዋወጥ ስምንት። ጦር ሲበተን ስምንት ሰው ለአንድ ቁስለኛ የሚቆምበት ሁኔታ አይኖርም። መራመድ የቻለ ሄደ፤ ያልቻለው ቀረ። ከዚያ ሁሉ አልፎ ይርጋለም የደረሰውን ሰው የኖርዌይ ሐኪሞች ተቀበሉት። ይርጋለም ላይ ያገኙት እንግዲህ፣ እንደ አድዋው ሩሲያዊ ሐኪም፣ መንገዱን ያለፈውን ቁስል ነው።

ደጃዝማች አበበ የዘመቱበት የኦጋዴን ግንባር በሐኪም በኩል ከራስ ደስታው ይሻል ነበር። ደገሃቡር፣ ጅጅጋና ሐረር ላይ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ቡድኖች፣ የፊንላንዶችና የግብፆች ሐኪሞች ነበሩ፤ ከጅጅጋ ወደ ሐረር የሚወስድ መንገድም ነበር። ግን እዚያም ሥራው ራሱ ሰው ይበላ ነበር። አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ሐኪም ዶክተር ሮበርት ሆክማን ደገሃቡር ላይ ቁስለኛ ከማከም ጎን ሳይፈነዱ የቀሩ የጣሊያን ቦምቦችን ማምከን ጀመረ። ሰውና ከብት በሚመላለስበት ቦታ ተቀብረው ቀርተው ነበርና። በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ አንዱ እጁ ላይ ፈንድቶ ገደለው። ቁስለኛ እንዳይበዛ ሲል ከሐኪምነቱ አልፎ የሄደ ሰው ነው፤ የደቡቡን ጦርነት የሚያነሳ ሁሉ ሊያስበው ይገባል።

ኢፕሪት የሚባለው የመርዝ ጋዝ በሁለቱም ግንባር ወረደ። ለሐኪም ከቦምብ የባሰ ፈተና ነበር። ዘይት የመሰለው ፈሳሽ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው አያምም፤ ወታደሩ ምንም እንዳልነካው ቆጥሮ መንገዱን ይቀጥላል። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፤ ዓይኑ አብጦ ይዘጋል፤ የተነፈሰው ከሆነ ሳንባው ይቃጠላል። ሣርና ቅጠል ላይ የቀረው ደግሞ ለቀናት ይቆያል፤ በባዶ እግሩ የሚያልፈውን ይይዘዋል። የሚታወቀው መድኃኒት ቶሎ ልብስን አውልቆ በብዙ ውኃና ሳሙና መታጠብ ነው። የዘመቻ ወታደር ቅያሪ ልብስ የለውም፤ ነጠላው ጋዙን ጠጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ከገላው ጋር ያድራል። በኦጋዴን ለመጠጥ ያልበቃ ውኃ ለገላ ከየት ይመጣል? በሰሜን ቆረም አካባቢ ጁኖ የተቃጠሉ ሰዎች ሜዳ ሙሉ ወድቀው ሲለምኑ ማየቱን ጽፎ ትቷል። የኦጋዴኑ ጦር አዛዥ ደጃዝማች ነሲቡ ራሳቸው ጦርነቱ ባለቀ በወራት ውስጥ፣ በ1929 መጀመሪያ፣ ዳቮስ ስዊዘርላንድ ላይ በሳንባ ሕመም አረፉ። ሕመማቸውን ብዙዎች ከጋዙ ጋር ያያይዙታል።

ከመልካ ዲዳ በኋላ በሁሉም ግንባር አንድ ነገር ተለወጠ። ከዚያ በፊትም ኅዳር 26 ቀን ደሴ ላይ ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳን ተመትተው ነበር፤ አሁን ግን ብዙዎቹ ሐኪሞች ምልክቱ ይጠብቀናል ማለትን ተዉ። ድንኳን በሜዳ መትከል እየቀረ ሄደ። በዛፍ ሥር፣ በዋሻ፣ በገደል ጥግ ተደብቀው መሥራት ጀመሩ፤ ለአውሮፕላን እንዲታይ የተዘረጋው መስቀል በብዙ ቦታ ተጠቀለለ። የካቲት 25 ቀን በሰሜን ግንባር ዶክተር ጆን መሊ የሚመራው የእንግሊዝ ሰፈር ሲደበደብ ፍርሃቱ ትክክል መሆኑ ታየ። የግብፅ ቀይ ጨረቃ ቡድንም ከቦምብ አልዳነም። መጋቢት 20 ቀን ደግሞ ጦር የሌለባት ከተማ ተብላ የታወጀችው ሐረር ስትመታ የሕክምና ቦታዎቿ አብረው ተመቱ።

የዚህ መደበቅ ዋጋ በቁጥር አይገኝም፤ ግን ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ሐኪሙ ከአውሮፕላን የተደበቀ ጊዜ ከቁስለኛውም ተደበቀ። ከሩቅ ነጭ ድንኳንና ቀይ መስቀል አይቶ የሚመጣ ወታደር አሁን ሰው ጠይቆ መፈለግ አለበት። ጋሞኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገር፣ አገሩን የማያውቅ ገባር በኦጋዴን ሜዳ ጓዱን አዝሎ ማንን ይጠይቃል? ሐኪሙ ሌሊት ካልሆነ አይሠራም፤ መኪናው ሌሊት ካልሆነ አይንቀሳቀስም። ቀድሞውንም ረጅም የነበረው ሰዓት በዚህ እጥፍ ሆነ። የቀይ መስቀል ድብደባ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በሞቱት የውጭ ሰዎችና በተሻረው ሕግ በኩል ነው። እኔ ግን ከሁሉ የከፋው ጉዳት ማንም ያልቆጠረው ነው እላለሁ፤ ድንኳኑን ፍለጋ ወጥቶ ሳያገኘው በየጥሻው የቀረው ሰው።

ግራዚያኒ በሚያዝያ ኦጋዴን ላይ ዋናውን ማጥቃት ከፈተ። የኢትዮጵያ ጦር ጸንቶ ተዋግቶ አስር ቀን ያህል አቆየው፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ፈረሰ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ። በማግሥቱ ከተማይቱ በዘረፋ ስትታመስ ዶክተር መሊ ከመንገድ ላይ ቁስለኛ ሲያነሳ በጥይት ተመትቶ፣ ጣሊያኖች በገቡበት ቀን ሚያዝያ 27 ሞተ። ራስ ደስታ ግን እጃቸውን አልሰጡም። በሲዳሞና በአርሲ ተራሮች እስከ 1929 የካቲት ተዋጉ፤ የካቲት 17 ቀን ጣሊያኖች ይዘው ረሸኗቸው። በእነዚያ ወራት ከእሳቸው ጋር የነበረው አርበኛ ሲቆስል ቀይ መስቀልም፣ ድንኳንም፣ አውሮፕላንም አልነበረውም። ወጌሻ፣ ማር፣ በየጎጆው ደብቃ የምታስታምም ሴት፤ ያለው ይኸው ነበር።

በወላይታና በጋሞ በኩል አገሩ መሪ አጥቶ ሲታመስ ሶዶ ያሉት ሚስዮናውያን ግቢያቸውን ዘግተው ቆዩ። ጣሊያን አካባቢውን ሲይዝ አገር ለቀው እንዲወጡ አዘዛቸው። የመጨረሻዎቹ በሚያዝያ 1929 በጭነት መኪና ተጭነው ሄዱ። ለጋሞ ሰው ቅርቡ የነበረው ሆስፒታል በወራሪው እጅ ገባ።